ተጠንቀቁ፦ የከፈልኩበት ተራራ ማዶ ቀረ

ጀመዓ፣ ከጅቡቲ የተመለስኩት ትናንት ነው። ማታውኑ ልጽፈው ነበር፤ እህቴ "ተኝተሽ ተነሺ፣ አሁን ከጻፍሽ ትሳደቢያለሽ" ብላ ስልኬን ቀማችኝ። አደርኩ፤ አልበረደልኝም። ዛሬ ጠዋት ቢሮው ሄጄ ስመለስ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ።

ጉዞውን የሸጠልኝን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ማለቴ ዓይነቱን። ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ቢሮ፣ ግድግዳው ላይ የግመልና የመርከብ ፎቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስልክ። ቴሌግራም ላይ በየቀኑ "ሁለት ቦታ ብቻ ቀረን" ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የቀረው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር። እኔም እንዳያመልጠኝ ተጣድፌ 36,000 ብር በቴሌብር ላኩ። "ደርሷል የኔ እናት" አለኝ በድምፅ። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ።

የተሸጠልኝ የዳይ ደን ነው። ለማያውቀው፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን የጎዳ ተራሮች አሉ። ዳይ እዚያ ላይ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የጥድ ደን ነው። ያ ሁሉ ጠጠርና ጨው ባለበት አገር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምናውቀው የኛው ጥድ! ብዙው ግን በድርቅና በከብት ግጦሽ ቆሞ እየደረቀ ነው። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ አንድ አካባቢ ብቻ ስለሚገኙ ፍጥረታት ሳስተምር የጅቡቲን ቆቅ አነሳለሁ። ያ ወፍ ከጎዳና ከማብላ ተራሮች ሌላ የትም የለም። እሱም ደኑም ሳያልቁ አንድ ጠዋት ድምፁን ልስማ ብዬ ነው። ይሄን ሁሉ ለሰውየው ነገርኩት። "ቆቁን እጅሽ ላይ ነው የማስቀምጥልሽ" አለኝ። ያኔ ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ።

ጉዞው ከድሬ በባቡር ጅቡቲ እስካለው ነጋድ ጣቢያ፣ በነጋታው በጀልባ ወደ ታጁራ፣ ከዚያ በመኪና እስከ ደኑ ጫፍ ነበር። ከዚያ በእግር ሽቅብ። ላብ በላብ ሆነን፣ ከጥዱ ሥር ቁጭ ብለን ባሕሩን ቁልቁል እናያለን። እንደዚያ ነው የነገረን።

ለዚህ ብዬ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ የተራራ ጫማ በ5,200 ብር ገዛሁ። ሁለት ሳምንት በየማታው ከሳቢያን ከዚራ ድረስ እየተመላለስኩ አለማመድኩት። ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። ጎረቤቶቼ ውትድርና ልገባ ነው ብለው ነበር።

አሁን ደግሞ የእኔን ጅልነት ስሙ። ባቡሩ ጋ የተቀበለን አስጎብኚ ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገው። ሰማያዊ፣ የአንዱ ማሰሪያ በሽቦ የተቋጠረ። ገደል ሊያወጣን የመጣ ሰው! እኔ ግን ተራራ የለመደ ሰው እንዲህ ነው ብዬ ጭራሽ አደነቅኩት።

በነጋታው ሚኒባሱ ወደ ወደቡ አልሄደም። "ባሕሩ ማዕበል አለው፣ በየብስ ዞረን እንገባለን" አለን አስጎብኚው። በየብስ ዞሮ ታጁራ መግባት ይቻላል፣ ውሸት አይደለም። ስለዚህ ዝም አልን። መንገዱ የኛ አገር ከባድ መኪኖች ሰልፍ ነው። ወይዓን አለፍን፤ ከዚያ ከዋናው መንገድ ታጥፈን ዳገት ጀመርን። ጆሮዬ ሲደፈን "ደረስን ደረስን" እያልኩ የጫማዬን ክር ማጥበቅ ጀመርኩ።

ቆመን ወረድን። ከእግሬ ሥር አስፋልት ነው። ፊት ለፊት የግንብ አጥር፣ አንድ የቆመ ፒካፕ፣ አራት አምስት ግራር፣ ከግራሮቹ ሥር ፍየሎች። ባሕሩ ከታች ተዘርግቷል። ያምራል፣ አልዋሽም። ነፋሱም ጥሩ ነው።

"መነሻው ይሄ ነው?" አልኩት።

"ይሄው ነው።"

"ምኑ?"

"ተራራው።"

"ደኑስ?"

በአገጩ ወደ ግራሮቹ አሳየኝ። እየቀለደ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልሳቀም።

ሾፌሩ የጅቡቲ ሰው ነው፤ ድሬ ኖሮ ስለነበር አማርኛ ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ መስታወቱን እየጠረገ ነበር። "ዳይ" የሚለውን ስሰማው ዞር አለ። "ዳይ? ዳይ እኮ ማዶ ነው እህቴ። ይሄ አርታ ነው" አለ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው እያዘነልኝ። ከዚያ ጨርቁን እንደያዘ እጁን ዘረጋ። ውኃው ከጨርቁ ጠብ ጠብ ይላል። በጣቱ አቅጣጫ ባሕሩን ተሻግሬ አየሁ። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ግራጫ የተራራ ጀርባ ብቅ ብሏል። "ያውና" አለኝ።

36,000 ብሬ ያውና።

አርታ የጅቡቲ ከተማ ሰው ሙቀት ሲበረታበት አየር ሊቀይር በመኪና የሚወጣበት ቦታ ነው። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለቡና የሚወጡበትን ቦታ ነው ተራራ መውጣት ብለው የሸጡልን። ያውም ከባሕረ ሰላጤው ደቡብ። የኛው ደን ሰሜን ነው።

ወደ ባለነጠላው ዞርኩ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። "ጥላ ከፈለግሽ ከዚራ ቁጭ ማለት ነበር" አለኝ።

ሰዎች ሳቁ። አብረውኝ የተበሉት የገዛ ጓደኞቼ! እውነቱን ልናገር፣ ከዚራ ዛፍ በዛፍ ስለሆነ አባባሉ ያስቃል። እኔም ፈገግ ያልኩ መሰለኝ። እስካሁን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ገንዘቡን ወስዶ አስቆኛል።

አርባ ደቂቃ ቆየን። ፎቶ ተነሳን። ከተማ ተመልሰን የየመን ዓሣ በላን፣ ሒሳቡን ራሳችን ከፍለን። ዓሣው ግን ጥሩ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሄድኩ። ድሬ ላይ አዛውንቱም ሹሙም "አንተ" ነው፣ ታውቃላችሁ። ሰውየው ገና ሲያየኝ "ይቀመጡ፣ ምን ልርዳዎት?" አለኝ። የኔ እናት ቀረ። ድሬ ውስጥ ሰው እርስዎ ካለህ ገንዘብህን እርሳው። ደረሰኙን አውጥቶ በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ አነበበልኝ፦ "የጅቡቲ ጉዞ፣ ተራራና የባሕር እይታ።" ዳይ የሚል ቃል የለበትም። ጥድ የለም፣ ጎዳ የለም። እኔ ደግሞ ሳላነብ አጣጥፌ ቦርሳዬ ከትቼዋለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን "ጥያቄውን ሁለቴ አንብቡ" የምል ሰው።

"ተራራ አላዩም? ባሕርስ አላዩም?" አለኝ።

ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና ሳትል "ለሚቀጥለው ጉዞ አሥር በመቶ እንቀንስልዎታለን" አለች። በርጫ ሰዓት ሳይደርስ ብሄድ ይሰሙኛል ብዬ ነበር ማልጄ የሄድኩት።

እንደዚህ ዓይነት ጉዞ የምትከፍሉ ካላችሁ የተራራውን ስም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ከግማሽ በላይ አስቀድማችሁ አትስጡ። የአስጎብኚውንም እግር እዩ አቦ።

ጫማውን እሸጠዋለሁ። ቁጥሩ 38 ነው። አፈር አልነካውም፣ አስፋልት ብቻ። 4,000 ብር ላይ እንነጋገራለን።