የ1,400 ሊትሩ አኳሪየሜ ከ8 ወር በኋላ፦ አሳዎቼ የሞቱት መብራት ሲመጣ ነው

አሳዎቼን የገደላቸው የመብራት መጥፋት አይደለም። የመብራት መምጣት ነው። ሻጩ ይህችን አንድ ነገር ቢነግረኝ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ቀለማቸውና ስለ ውበታቸው ይሆን ነበር።

ባህር ዳር ነው የምኖረው። ከቤቴ እስከ ጣና በእግር 15 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እናቴ አኳሪየም ላሠራ መሆኑን ስትሰማ፣ «ልጄ፣ ያን ሁሉ ውሃ እግዜር ደጅህ ላይ አፍስሶልህ አንተ በመስታወት ልትገዛ ነው?» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ፣ «የመጋረጃ ብር የለም ያልከው ለዚህ ነው?» አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ግድግዳ ሙሉ ውሃ ቤቴ ውስጥ ማየት እፈልግ ነበር። ዋጋውን አልጽፍም። ባለቤቴ ታነበዋለች።

ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 80፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል ነው። እስከ አፉ ሲሞላ 1,400 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻውን 14 ኩንታል ማለት ነው። ባለ 15 ሚሊ ሜትሩ መስታወት ወደ 2 ኩንታል ተኩል ይመዝናል። ድንጋዩና ጠጠሩ ሲጨመር 18 ኩንታል ያልፋል። 18 ኩንታል ጤፍ ሳሎናችሁ ጥግ ላይ ተቆልሎ አስቡት። የቱቦላሬ መቆሚያውን የሠራልኝ በያጅ ልኬቱን አይቶ፣ «ጋሼ፣ በሬ ልታቆምበት ነው እንዴ?» ብሎኛል። የእኔ ቤት ምድር ላይ ነው፣ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ግን መሐንዲስ ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት።

አሳ መምረጡ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መጀመሪያ የተመኘሁት ያንን ብርቱካንማ፣ ነጭ ሸንተረር ያለውን አሳ ነበር። እሱ የባሕር አሳ ነው፣ ጨው ውሃ ይፈልጋል። 1,400 ሊትር ጨው ውሃ እየበጠበጥኩ ስኖር ታየኝና ተውኩት። ሻጩ ታዲያ ጎልድፊሽ፣ አንጀልፊሽና ኦስካር አንድ ላይ ሊያሸክመኝ ነበር። «ሁሉም ተስማምተው ይኖራሉ» አለኝ። ወንድሜ፣ ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚወድ፤ አንጀልፊሽ ደግሞ ሞቅ ያለ። ኦስካር ስትገዛው ጣት ያክላል፣ ካደገ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አፉ ውስጥ የሚገባለትን ሁሉ ይውጣል። ተስማምተው ይኖራሉ የተባሉት ሆዱ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ 14 አንጀልፊሽና ጥቂት ሶርድቴይል ወሰድኩ።

ለማሳመሪያ የተጠቀምኩት የራሳችንን ጥቁር ድንጋይ ነው። ባህር ዳር ውስጥ የትም ቆፍሩ፣ ታገኙታላችሁ። ድንጋይ ከማስገባታችሁ በፊት ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ከተንጨፈጨፈ ኖራ አለበት ማለት ነው፣ የውሃውን ባሕርይ ይቀይራል። የእኔው ዝም አለ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ገዝቼ ድንጋዩ መሃል አሰጠምኩ፣ የጣና ትዝታ ብዬ። በ3 ሳምንት ውስጥ ደንገሉ በሰበሰ፣ ውሃው ቀጭን ሻይ መሰለ። አሁን ታንኳዋ ቴሌቪዥኑ ላይ ናት።

ባዶውን ውሃ ከ5 ሳምንት በላይ ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) እያሠራሁ አቆየሁት። የአሳውን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ይህን ያህል ጊዜ ይወስዳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አሳው የታለ?» ይላል። «ገና ነው» እላለሁ። ሰው ያዝንልኛል።

እንግዲህ ወደ ፊልተሩ እንምጣ። ካኒስተር የሚባለው ዓይነት ነው። ክዳኑ ጥብቅ ያለ ባልዲ በሉት፣ ከመቆሚያው ሥር ይቀመጣል። ውሃው በአንድ ጎማ ይገባል፣ በስፖንጁ ውስጥ ተጣርቶ በሌላ ጎማ ይመለሳል። ድምፅ የለውም። ውሃውን ጠጅ ነው የሚያስመስለው፣ ማለቴ የነጠረ ጠጅ። ለ3 ወር አንድም ነገር አላልኩትም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እኔ የፈራሁት ብርዱን ነበር። ብርድ ልብስ አምጥቼ መስታወቱን አለበስኩት። ባለቤቴ ስቃ ልትሞት። ኋላ ሳስበው ብርዱ ምንም አልነበረም። ያን የሚያክል ውሃ በአንድ ሌሊት አይቀዘቅዝም። ጠዋት ሳየው አሳዎቹ ሁሉ በሕይወት አሉ፣ ብቻ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። 3 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። 9 ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ! እሰይ ብዬ አጨበጨብኩ። ፊልተሩ እርር አለና ተነሣ።

ከጎማው የወጣውን ውሃ እስካሁን አልረሳውም። ቡናማ ነው፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል። ደቂቃ ሳይቆይ ጠራ። እኔም «ቆሻሻው ወጣለት» ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ስመለስ ትልቁ አንጀልፊሽ በጎኑ ተኝቶ አንድ ክንፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እስከ ማታ 9ኙ ሞቱ። ሶርድቴይሎቹም አንድ አልተረፉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይተነፍሳሉ። ኦክስጅን የሚያገኙት ከሚያልፈው ውሃ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃው ይቆማል፣ ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ያለቻቸውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ከዚያ ይሞታሉ፣ ይበሰብሳሉ። ሌላ ዓይነት፣ ያለ አየር የሚኖር ባክቴሪያ ቦታውን ይይዛል። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ያንን ሁሉ መርዝ በአንድ ጊዜ አሳው ላይ ይደፋዋል። ያውም ሌሊቱን ሙሉ አየር አጥሮት ባደረ አሳ ላይ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ዕቃው የውጭ ነው፣ ችግር የለበትም» አለኝ። ችግሩ እሱ አይደል? የውጭ ነው! መብራት የማይጠፋበት አገር የተሠራ ነው። «መመሪያው ላይ ተጽፏል» አለኝ ደግሞ። እውነቱን ነው፣ መጨረሻ ገጽ ላይ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። ሌላም ነገር አለ። ከተማችን ስሟ ባህር ዳር ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም እንደዚያው። መመሪያው የተጻፈው እውነተኛው ባሕር ዳር ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ነው።

በጣም ያናደደኝ ግን የመጨረሻው ቃሉ ነው። «የቀሩትን ካልፈለግካቸው ጣና ውስጥ መልቀቅ ነው» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ጣና ውስጥ ያለው ነጭ አሳ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ለብቻው ተነጥሎ ኖሮ ከደርዘን በላይ ዝርያ የሆነ ነው፣ አብዛኛው ሌላ የትም የለም። እንቦጭ ያመጣብን መዘዝ አልበቃ ብሎ አሁን አንጀልፊሽ እንጨምርበት? የተረፉትን 5 ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠኋቸው።

አሁን መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የፊልተሩን ሶኬት እነቅላለሁ። ሳላየው እንዳይነሣ። ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለችኝ፣ እሷን አስነሣለሁ። መብራቱ ቆይቶ ከመጣ ክዳኑን ከፍቼ የታቆረውን ውሃ እደፋለሁ፣ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ባልዲ ውሃ አጥባለሁ። በቧንቧ ውሃ አይደለም፣ ክሎሪኑ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ይጨርሳል። ከዚያ ነው ሶኬቱን የምሰካው። በአየር የሚሠሩ ሁለት ክፍት የስፖንጅ ፊልተሮችም ጨምሬያለሁ። ዋጋቸው ከካኒስተሩ ጋር አይወዳደርም፣ ሲያዩአቸውም ያስጠላሉ። ታሽገው አይበሰብሱም እንጂ።

አሳዬስ? ከአንድ አስጋሪ መዳፍ የሚያክሉ 6 ቀረሶዎች ተቀበልኩ። አዎ፣ ቲላፒያ፣ ሐይቁ ዳር ጠብሰን የምንበላው። እናቴ መጥታ አይታ፣ «እነዚህስ መቼ ነው የሚጠበሱት?» አለች። አየር ማጠር እንደ አንጀልፊሽ አይጥላቸውም። ተክሌን ነቅለው ጨርሰዋል፣ ወንዱ አሸዋውን እንደ ሳህን ቆፍሮ ዲዛይኔን አበላሽቶታል። ሐምሌ ላይ ግን አንዷ ሴት አፏን ዘግታ ጥግ ያዘች። ታመመች ብዬ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ጉሮሮዋ አብጧል፣ ውስጡ ጥቃቅን ነገር ይንቀሳቀሳል። ልጆቿን ነው የያዘችው። አንድ ቀን ተፋቻቸው፣ አቧራ መሰሉ። እጄን መስታወቱ ላይ ሳሳርፍ ሁሉም እየተሽቀዳደሙ ተመልሰው አፏ ውስጥ ገቡ። ለ14ቱ አንጀልፊሽ ያወጣሁት ብር ያን ጊዜ ቆጨኝ።

ድጋሚ እገዛለሁ ወይ? መስታወቱን አዎ። የካኒስተሩን ስም አታንሡብኝ፣ ቢያንስ ዛሬ።

ትናንት ሥራ ላይ እያለሁ ባለቤቴ ደወለች። «መብራት ጠፍቷል። ሶኬቱን ነቅያለሁ፣ አየሯንም አስነሥቻታለሁ፣ አንተ ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ልትዘጋው ስትል ደግሞ፣ «ያቺ ልጅ እንደገና አፏን ዘግታለች፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አለች።