ስፕሪንግፊልድ ድረስ ሄጄ የሰፈሬን ሰዎች አገኘኋቸው

ስፕሪንግፊልድ ስላችሁ ቨርጂኒያ ያለችው፣ ትልቁ የገበያ ሞል ያለባት እንዳትመስላችሁ። የማወራው ስለ ማሳቹሴትሷ ነው፣ ቅርጫት ኳስ ስለተፈጠረባት ከተማ። እዚያ የኔይስሚዝ ቅርጫት ኳስ ሆል ኦፍ ፌም አለ፣ የዝና አዳራሽ እንበለው። እኛ ካለንበት ከአሌክሳንድሪያ ስድስት ሰዓት ያህል ያስነዳል፣ ኒውዮርክ አካባቢ መንገዱ ከተዘጋጋ ደግሞ ይብሳል። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ባስኬት ሲል ውሎ ባስኬት ሲል ነው የሚያድረው። ትምህርት ሲዘጋ እወስድሃለሁ ብዬው ስለነበር ቃሌን ጠበቅኩ።

ስንሄድ ሁለታችንም የምናስበው ስለ ተጫዋቾቹ ነበር። እሱ ኮቢን፣ እኔ ጆርዳንንና ሙቶምቦን። ስንመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ያወራነው ኳስ በመጫወት ስላልታወቁ ሰዎች ነው። ይህን የምጽፈውም በነሱ ምክንያት ነው። (ዓመት የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ህንፃው ከሀይዌይ 91 ላይ ሆናችሁ ይታያችኋል። ከኮነቲከት ወንዝ ዳር ያለ፣ ኳስ የመሰለ ትልቅ የብር ቀለም ጉልላት ነው። አዳራሹ በ1968 ስፕሪንግፊልድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ተከፈተ፣ በ1985 ወደ ወንዙ ዳር ወረደ፣ አሁን ያለበት ህንፃ ደግሞ የተከፈተው በ2002 ነው። ጉብኝቱን ከላይ ጀምሩት። በሊፍት ወጥታችሁ የክብር ቀለበት የሚሉት ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ ጉልላቱን ተከትሎ ዙሪያውን የተከበሩት ሰዎች ፎቶ አለ፣ ከ400 በላይ ናቸው። ወደ ታች ስታዩ ሙሉ የባስኬት ሜዳ አለ፣ ጎብኚ ሁሉ እየገባ ይወረውርበታል። የኳሱ ድም ድም ላይ ድረስ ይሰማል። እኔ ብዙ ሙዚየም አይቻለሁ፣ እንዲህ ሕይወት ያለው ድምፅ ከስር እየሰማሁ ያየሁት ግን የለም።

አዳራሹ ሰው የሚያከብረው በአምስት ምድብ ነው። ተጫዋች፣ አሰልጣኝ፣ ዳኛ፣ ቡድን፣ አምስተኛው ደግሞ ኮንትሪቢዩተር የሚሉት። ይሄን የመጨረሻውን በአማርኛ እንዴት እንደምለው ሳስብ ቆይቼ "ባለውለታ" ብዬ ለልጄ ነገርኩት። እውነትም ሌላ ቃል አይመጥነውም። ጎል ያላገባ፣ ዋንጫ ያላነሳ፣ ግን ያለ እሱ ስፖርቱ ዛሬ ያለበት የማይደርስ ሰው። የእኛ ይድነቃቸው ተሰማ ለአፍሪካ እግር ኳስ የሆነውን ማለት ነው። እሱ ተጫውቷልም አሰልጥኗልም፣ ትልቁ ውለታው ግን ከ1972 ጀምሮ እስኪሞት ካፍን እየመራ ለአህጉሩ ያደረገው ነው።

ደስ ያለኝ አንድ ነገር፣ አዳራሹ ራሱ የተሰየመው በባለውለታ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ ካናዳዊ የስፖርት መምህር ነበር። ዲሴምበር 1891 ላይ እዚሁ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ ማሰልጠኛ ትምህርት ቤት 18 ረብሸኛ ተማሪዎች ተሰጡትና፣ ክረምቱን ቤት ውስጥ የሚያጫውታቸው ነገር ፍጠር ተባለ። የተሰጠው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። የትምህርት ቤቱን ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ ሁለት ሳጥን ቢጠይቀው፣ ሳጥን የለኝም ብሎ የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት አመጣለት። እኛም እስከ ዛሬ ቅርጫት ኳስ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ቅርጫቶቹ የተሰቀሉበት የሰገነቱ ጠርዝ ከፍታ 10 ጫማ ነበር፣ ዛሬም ሪንጉ 10 ጫማ ላይ ነው። በ1959 የመጀመሪያዎቹ ተከባሪዎች ሲመረጡ ኔይስሚዝ በዚሁ በባለውለታ ምድብ ገባ። እና ለአዳራሹ የማንም ኮከብ ተጫዋች ስም ሳይሆን የአንድ አስተማሪ ስም መሰጠቱ ልክ ነው እላለሁ።

ልጄን በጣም የያዘው ዳኒ ቢያዞኔ ነው። ጣሊያን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ፣ ሲራኪዩዝ ከተማ ቦውሊንግ ቤት የነበረው፣ በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካ ዋናው የባስኬት ሊግ፣ ይጫወት የነበረው የሲራኪዩዝ ናሽናልስ ክለብ ባለቤት። በሱ ዘመን አንድ ቡድን መምራት ከጀመረ ኳሱን ይዞ ይቀመጥ ነበር። በ1950 የፎርት ዌይን ቡድን ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ፣ የጨዋታው ሙሉ ውጤት ነው ይሄ! ተመልካቹ ሰለቸው። ቢያዞኔ ከክለቡ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ አሰበ። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው፣ ማለትም 2880 ሰከንድ። ደስ የሚል ጨዋታ ላይ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው 120 ጊዜ ያህል ይወረውራሉ። 2880ን ለ120 ስታካፍሉት 24። በቃ። ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት የሚለው ሰዓት፣ ሾት ክሎኩ፣ በ1954 ሥራ ላይ ዋለ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቡድን በጨዋታ የሚያስቆጥረው በአማካይ ከ79.5 ወደ 93.1 ነጥብ ወጣ። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ራሱ አካፈለው፣ ከዚያ "አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ኤንቢኤን አድኖታል" አለኝ። ልክ ነው።

ግን ቢያዞኔ በ1992 ሞተ። አዳራሹ ያስገባው በ2000 ነው። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሰፈሬ ሰዎች። ኧርል ሎይድ። በኤንቢኤ ጨዋታ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1950 ለዋሽንግተን ካፒቶልስ። የትውልድ ቦታውን ሳነብ ግን ደርቄ ቀረሁ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ! ሀበሻ ሞልቶ በሚኖርባት፣ እኔ ስንት ዓመት በኖርኩባት ከተማ ተወልዶ፣ ለጥቁር ልጆች ብቻ በተለየ ትምህርት ቤት ተምሮ ያደገ ሰው። እኔ ስሙን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሌላም ነገር አለ። ሎይድ በኋላ የሄደው ወደ ሲራኪዩዝ፣ ወደዚያው ወደ ቢያዞኔ ቡድን ነው። ሾት ክሎኩ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1955፣ ናሽናልስ ዋንጫውን ሲያነሳ ሎይድ እዚያ ነበር። እሱና ጂም ታከር የኤንቢኤ ዋንጫ ያነሱ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተጫዋቾች ሆኑ። ለየብቻ ያየናቸው ሁለት ፎቶዎች አንድ ታሪክ ሲሆኑ ልጄ ዞሮ ተመልሶ ቢያዞኔን ደግሞ አየው።

ከሁሉ ግን ልቤን የነካው ኤድዊን ሄንደርሰን ነው፣ ኢ ቢ ሄንደርሰን። በ1883 ዋሽንግተን ዲሲ ተወለደ። ጥቁር የስፖርት መምህር ነበር። በ1904 ክረምት ሃርቫርድ ሄዶ የስፖርት ማስተማር ኮርስ ሲወስድ ቅርጫት ኳስን ተማረ፣ ዲሲ ተመልሶ ለጥቁር ተማሪዎች አስተማረው። በዚያን ጊዜ ይሄ ጨዋታ የነጮች ብቻ ነበር። በ1907 በኋላ በጋብቻ ዘመዱ ከሆነ ሰው ጋር ጨዋታ ሊያይ የነጮች ወወክማ ገብቶ ውጣ ተባለ። እሱ ምን አደረገ? የራሱን ሊግ አደራጀ፣ ዳኞች አሠለጠነ፣ ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ 12ኛው ስትሪት ይባላል፣ በ1909 እና 10 የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። የሚጫወቱት ትሩ ሪፎርመር አዳራሽ ውስጥ ነው። የዲሲ ሰው ይሄን ሲያነብ ቦታውን ያውቀዋል፣ ዩ ስትሪትና 12ኛው መገናኛ ላይ ያለው ትልቁ ህንፃ ነው። ክትፎ ልንበላ ስንሄድ፣ ለሰርግ እንግዳ ስንቀበል፣ መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ ስንት ጊዜ አልፈነዋል።

በዚያ ላይ ሄንደርሰን የኖረው ፎልስ ቸርች ነው። በ1915 ከተማዋ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር በሕግ ልትለይ ስትል ከጎረቤቱ ከጆሴፍ ቲነር ጋር ሰው አሰባስቦ ተከራከረ። ለጋዜጦች በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፈ። እኛ ዛሬ ቤት ተከራይተን፣ ቤት ገዝተን፣ ልጅ አሳድገን የምንኖርበት ሰፈር እንዲህ ከፋፍለው እንዳያስቀሩት የታገለ ሰው ነው። ውለታው የባስኬት ብቻ አይደለም፣ የእኛም ጭምር ነው። ፎቶው ደግሞ ጆርዳን ባለበት በዚያው ቀለበት ላይ አለ። ለብቻው ጓዳ ውስጥ አልተደበቀም። አዳራሹን በዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ሌሎቹን ባጭሩ። ሴንዳ በረንሰን ከስፕሪንግፊልድ ብዙም በማይርቀው ስሚዝ ኮሌጅ የስፖርት መምህርት ነበረች፣ ጨዋታው በተፈጠረ በዓመቱ ለሴቶች ደንብ አውጥታ ያስጀመረችው እሷ ናት። ቸክ ቴይለር ደግሞ ያው ኮንቨርስ ጫማ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰውዬ ነው። የጫማ ሻጭ ነበር፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ልጆችን ባስኬት ያስተምር ነበር። ሴት ልጅ ካለቻችሁ የበረንሰንን ታሪክ አሳዩአት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አዳራሹ ባለውለታን ማክበሩን ያውቅበታል፣ ጊዜውን ግን አያውቅበትም። ሄንደርሰን በ1977 ሞተ፣ የገባው በ2013 ነው። 36 ዓመት! ያውም የልጅ ልጁ ለዓመታት ደጅ ጠንቶለት። ቢያዞኔን ስምንት ዓመት አለፈው። በረንሰን በ1954 ሞታ በ1985 ገባች፣ ከዚያ በፊት አዳራሹ ውስጥ አንድም ሴት አልነበረችም። ሰው በቁሙ ሲመሰገን ልጆቹ ያያሉ፣ እሱም ይሰማል፣ ቆሞም "አመሰግናለሁ" ይላል። ሎይድ በ2003 ሲገባ በሕይወት ነበር፣ ይሄ ዕድል ደረሰው። ሄንደርሰን አልደረሰውም።

ሁለተኛው ነገር፣ ይሄ ምድብ አንዳንዴ እንደ ማካካሻ የሆነ ይመስለኛል። ጆን ማክለንደንን ተመልከቱ። ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ከኔይስሚዝ ከራሱ የተማረ ሰው ነው፣ በቀለሙ ምክንያት ግን ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መጫወት አልተፈቀደለትም። አሰልጣኝ ሆኖ ከ1957 እስከ 1959 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። አዳራሹ በ1979 ሲያስገባው ግን በባለውለታ ምድብ ነው። አሰልጣኝ ተብሎ የገባው በ2016 ነው፣ ከሞተ በኋላ። ሎይድም ተጫዋች ሆኖ ሳለ ባለውለታ ተብሎ ነው የገባው። ባለውለታ ትልቅ ክብር ነው፣ አልክድም። ግን አሰልጣኙን አሰልጣኝ፣ ተጫዋቹን ተጫዋች ማለትም ክብር ነው።

ምርጫው እንዴት እንደሆነም ላንሳ። የተለያዩ ኮሚቴዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ እጩ ያጣራሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ራሳቸው መርጠው በቀጥታ ያስገባሉ። ሄንደርሰን የገባው ለቀደምት ጥቁር አሜሪካውያን በተቋቋመው ኮሚቴ በኩል ነው፣ እና ይሄን ኮሚቴ ማቋቋማቸው አዳራሹ ከሠራቸው ጥሩ ሥራዎች አንዱ ነው። በአጣሪዎቹ በኩል ባለፉት ላይ ደግሞ 24 ሰዎች ያሉበት የክብር ኮሚቴ ድምፅ ይሰጣል፣ ለመግባት 18 ድምፅ ያስፈልጋል። የመራጮቹ ስም ግን ለሕዝብ አይነገርም። እኔ ቢነገር እመርጣለሁ። 36 ዓመት ለምን ጠበቀ ብዬ የምጠይቀው ሰው እፈልጋለሁ።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ስኒከር ጫማ አድርጉ፣ ልጆቹ ሜዳው ላይ ሳይጫወቱ አይወጡም። ሦስት ሰዓት መድቡ። ትኬቱንና የሚከፈትበትን ቀን ከመነሳታችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ እዩ። ላይኛውን ፎቅ በሩጫ አትለፉት፣ ልጆች ሜዳውን ካዩ በኋላ ማንም አይመልሳቸውም። ጊዜ ከተረፋችሁ ሜሰን ስኩዌር ሂዱ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደበት ቦታ ላይ ሐውልት ቆሟል። ከቦስተን ለምትመጡ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ከሃርትፎርድ ደግሞ ግማሽ ሰዓት። እኛ ከዲሲ ስድስት ሰዓት ነድተን አልቆጨንም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ዩ ስትሪት ወሰድኩት። መኪናውን አቁመን ትሩ ሪፎርመር ህንፃ ፊት ለፊት ቆምን። ወደ ላይ አንጋጦ መስኮቶቹን እያየ "እዚህ ውስጥ ነው የተጫወቱት?" አለኝ። አዎ አልኩት። ፎቶ አንሳኝ አለ፣ አነሳሁት። ወዲያው ለባስኬት አሰልጣኙ ላከለት፣ ከስሩም "ሄንደርሰንን ታውቀዋለህ?" ብሎ ጻፈበት።