አየር ላይ ይደርቃል ተብሎ የተሸጠልን ክሌይ

ይህን የምጽፈው ታኅሣሥ 26 ቀን ማታ፣ ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ንዴቴም ገና አልበረደልኝም። በሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በበዓል ሰሞን የገና ጌጣጌጥና የልጆች መጫወቻ የሚደረድሩትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ባንኮኒው ላይ የተከፈተ ናሙና ይቀመጣል፣ ዋጋው «ለእርስዎ ሲባል» ይቀነሳል፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ማሽኑ ተበላሽቷል ይባላል። እኔም ይህን እያወቅሁ ገባሁ።

የግቢያችን ዘጠኝ ልጆች ለገና ዛፍ የሚሰቀል ኮከብ፣ ርግብና ደወል በእጃቸው እንዲሠሩ ወላጆች ተዋጥተን 3,500 ብር አዘጋጅተን ነበር። የሸክላ ሠሪዎቻችን ጭቃ የተፈጨ ገል ካልገባበት በእሳት ይሰነጠቃል፣ ካልተተኮሰም አይጸናም፤ ከሕፃናት ጋር እሳት አንድዶ ያንን መሞከር ስለማይሆን በአየር ብቻ የሚደርቀውን ክሌይ፣ ማለትም በእጅ ቅርጽ የሚሠራበትን ጭቃ መሰል ለስላሳ ነገር መረጥን። እርሱ በውሃ የተለወሰ ስለሆነ ውሃው ሲተን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠጥራል።

እስካሁን ዓይኔ ላይ የሚመላለሰው አንድ ነገር ነው። ሻጩ ከናሙናው ቆንጥሮ መዳፌ ላይ አኖረልኝ፤ ነጭ፣ ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው ነበር፣ ጣቴም ላይ ወዲያው እንደ ዱቄት ደረቀ። ቀጥሎ ከባንኮኒው ዳር አንድ የደረቀ ኮከብ አንስቶ በጥፍሩ ቋ ቋ አደረገውና «እናቴ፣ በ24 ሰዓት እንዲህ ድንጋይ ይሆንልሻል» አለኝ። አሥር እሽግ ስለው ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር መቁጠር ጀመረ፤ በዚያች ቅጽበት እኔ አንገቴን ደፍቼ በቴሌብር ለመክፈል የሚስጥር ቁጥሬን አስገባ ነበር። ቀና ስል ጥቁሩ ፌስታል ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። የጎረቤቶቼን ገንዘብ ይዤ የሄድኩ ሰው፣ «እስቲ ፈትተህ አንዱን ክፈትልኝ» የምትል አንዲት ቃል እንዴት ከአፌ ጠፋች?

ልጆቹ ግማሽ ቀን ሙሉ ሠሩ፤ ክር የሚገባበትን ቀዳዳ እንኳ በስቴኪኒ እየበሱ አዘጋጁ። ሰፌድ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን ደረደርነው። በማግስቱ አልደረቀም፣ በሦስተኛውም ቀን አልደረቀም፤ ፀሐይ ስናወጣው ጭራሽ ለሰለሰ፣ የኮከቦቹ ጫፍ ታጠፈ፣ ጋዜጣው ላይም የዘይት እድፍ ወጣ። የተሰጠን በዘይትና በሰም የሚለወሰው፣ ልጆች በመዋዕለ ሕፃናት የሚጫወቱበት ፕላስቲሲን ነበር። እርሱ ለመጫወቻ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዓመት ቢቀመጥም አይደርቅም፣ የውሃ ቀለምም አይዝለትም። ትንሿ ልጄ በየማለዳው እየተነሳች ደወሏን በጣቷ ትጫናለች፤ በየቀኑም አዲስ የጣት አሻራ ይቀርበታል።

ዛሬ ሰፌዱን እንዳለ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ቀና ብሎም አላየኝም፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን የግድግዳ ጽሑፍ በአገጩ አመለከተኝ። ናሙናው የታለ ብዬ ስጠይቅ አለቀ አለ። ረዳቱ ደግሞ «ልጆቹ ተጫውተውበት የለ? ታዲያ ምን ቀረባቸው?» ብሎ ከሌላ ደንበኛ ጋር ወሬውን ቀጠለ። ገንዘቡ ይቅር ብል እንኳ ይህችን ንግግር አልረሳትም፤ ዘጠኝ ልጆች ሳምንት ሙሉ የጠበቁትን ነገር እንደ ቀልድ ቆጠረው።

ከእነዚህ ሱቆች የምትገዙ ካላችሁ፣ ከምትወስዱት እሽግ አንዱን አስከፍታችሁ ወረቀት ላይ ጫኑት፤ ዘይት ከተወ ፕላስቲሲን ነው። የግድግዳው ጽሑፍም አያስፈራችሁ፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስለወጥ ወይም ገንዘብን የማስመለስ መብት ይሰጣል። እኔ ደረሰኝ ባይኖረኝም የቴሌብሩን የክፍያ መልእክት ይዤ ነገ ጠዋት ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ፤ ያልተከፈቱት ሦስት እሽጎች በዚያው በጥቁሩ ፌስታል ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።