ባለ አራት ብረቱ የወገብ ቀበቶ ከዲስክ ኦፕራሲዮን በኋላ

በፋርማሲና በሕክምና ዕቃ መደብር በብዛት የሚገኘው የወገብ ቀበቶ ሰፊ ላስቲክ ነው። ከጀርባው በአከርካሪው ግራና ቀኝ አራት ስስ ብረቶች አሉት፤ ፊት ለፊት በቬልክሮ ይዘጋል፤ በላዩ ሁለት የጎን ማጥበቂያዎች ይሳባሉ። ኦፕራሲዮን ለሆነ ሁሉ ግዴታ አይደለም። ዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ብቻ ለተነካ ሰው ብዙ ሐኪሞች አያዙትም፤ አከርካሪው ላይ ብሎን ለገባለት የሚያዙ አሉ። ኦፕራሲዮን ያደረገልዎትን ሐኪም ሳይጠይቁ አይግዙ።

ከታዘዘልዎት ዋናው ልኩ ነው። የሱሪ ቁጥር አይሠራም፤ ካርቶኑ ላይ ባለው ሰንጠረዥ መሠረት ዙሪያዎን በሜትር ያስለኩ። ሱቁ ውስጥ ቆመው ብቻ አይሞክሩት፣ ወንበር ላይም ይቀመጡ። የታችኛው ጠርዝ ብሽሽትዎን ከወጋ፣ ወይም የላይኛው ከጎን አጥንትዎ ጋር ከተጋጨ ቁመቱ ለእርስዎ አይሆንም። አጫጭር ሰዎችን በጣም የሚያስቸግረው ይህ ነው።

ከካናቴራ በላይ እንጂ ከቆዳ ጋር አያድርጉት፤ ላብና ፍትጊያ የኦፕራሲዮኑን ስፌት ያስቆጣዋል። አልጋ ላይ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ትከሻና ዳሌዎን አንድ ላይ በጎን ያዙሩ፤ ቀበቶው ከጀርባዎ ሥር ይነጠፍና ተመልሰው ይተኙበት። መጀመሪያ ቬልክሮውን ይዝጉ፣ ከዚያ ሁለቱን ማጥበቂያዎች እኩል ይሳቡ። መዳፍዎ ካልገባበት ወይም በረጅሙ መተንፈስ ካቃተዎት ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ያላሉት።

ሕመሙንስ? የሚጠቅመው ድንገት እንዳይጎነበሱና እንዳይጠማዘዙ በመያዙ ነው፤ ከአልጋ ሲነሱና ታክሲ ሲሳፈሩ ልዩነቱ ይታወቃል። ወደ እግር የሚወርደውን የነርቭ ሕመም ግን አያስታግስም፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒትም አይተካም። ፓራሲታሞል ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ፣ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ ለሆነ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይበልጥም፤ የጉንፋን ክኒን ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፣ ሲያምጡ ደግሞ ወገብ ይብሳል። የድርቀት መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝልዎት ይጠይቁ።

መቀነት ይተካዋል የሚሉ አሉ። አይተካውም፤ ብረት የለውም፣ ሲቀመጡም ተጠቅልሎ ገመድ ያክላል።

ቶሎ የሚበላሸው ቬልክሮው ነው። የጋቢና የሹራብ ብናኝ ሲሞላው አይይዝም፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱት። ሲያጥቡት ብረቶቹን ያውጡ፣ ጥላ ላይ ያድርቁት።

ሽንት እምቢ ካለ፣ መቀመጫዎና ብልትዎ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግርዎ ከሰነፈ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ስፌቱ ፈሳሽ ካወጣ ቀበቶውን ማጥበቅ ትተው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።