ለድንገተኛ ፍርሃት፦ ክኒን ወይስ የንግግር ሕክምና?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ልቤ ደረቴን በጥሶ ሊወጣ ደረሰ። እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፤ «ሞትኩ» አልኩ። እንዲህ ያለው የድንገተኛ ፍርሃት ጥቃት ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይነካና ከዚያ ይበርዳል። እኔ ያንን አላውቅም ነበር።

ልቤ ተመርምሮ ጤነኛ ሲሆን ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። እንደ ሴርትራሊን ያለው ክኒን በየቀኑ ይዋጣል፤ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አይቋረጥም። በየሳምንቱ ከወረኢሉ ደሴ መመላለስ ለማይችል ሰው ይህ ይቀላል።

እኔ ያደላሁት ወደ ንግግር ሕክምናው ነው። ስሙ ንግግር ይባል እንጂ ሥራው ይበዛል። አማካሪዬ ያንን ስሜት ሆን ብላ ልታመጣው በቆምኩበት አስሮጠችኝ፤ በቀጭን የመጠጫ ቱቦ አስተነፈሰችኝ። ልቤ እንደዚያ ቀን መታ፣ ላብ አጠመቀኝ። «ቁጭ ልበል» ስላት «ትንሽ ቆዪ፣ ራሱ ይወርዳል» አለችኝ። ወረደ! ሰውነቴ የልብ ምትን ከሞት መለየት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ያንኑ ሚኒባስ መጀመሪያ ከእህቴ ጋር፣ ኋላ ብቻዬን ተሳፈርኩ።

ሕክምናው 12 ሳምንት ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ያደክማልም። ሁለቱን አጣምረው የሚወስዱም አሉ። እናቴ ጠበሉን አላስቀረችብኝም፤ አማካሪዬም አልከለከለችኝም።