ደሴ፦ ሆቴሉ ደህና ነው፣ ችግሩ ከበር ሲወጡ ነው

ዘንድሮ ከጀርመን ወሎ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ የተጠቀምኩበትን ልንገራችሁ።

ከቦሌ ኮምቦልቻ በረራው ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ከመዋል ይገላግላል። ከኤርፖርት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚያደርሰው ሚኒባስም አላስቸገረኝም። ሆቴሉ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለው፣ ዋይፋዩ ማታ ማታ ይቆራረጣል። ከ5 4 እሰጠዋለሁ።

እናቴን ይዤ በእግር ልሂድ ስል ግን ሌላ ነው። የእግረኛ መንገዱ ላይ አንዱ አሸዋና ጠጠር ቆልሏል፤ ቀጥሎ ባለሱቁ ፍሪጁን አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ከሚነሣው ፎቅ ፌሮ ተጋድሟል። ይህን ሁሉ አልፋችሁ ክዳን የሌለው የውሃ መውረጃ ይጠብቃችኋል፣ በሃይላንድ ተሞልቶ። ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ አላህ ይወቅ። ወደ አስፋልቱ ስትወርዱ ደግሞ ሲኖትራክ ከኋላ ጥሩምባውን ይለቅባችኋል።

እናቴ ክንዴን ጨብጣ «ኧረ ተው ልጄ፣ ከቤት የቀረሁት ጉልበቴ አሞኝ ብቻ መስሎህ ነው?» አለችኝ። በየሳምንቱ ስደውል ስለ ጉልበቷ እንጂ ስለ መንገዱ ጠይቄያት አላውቅም።

በእግር ልንጨርሰው ላሰብነው መንገድ ባጃጅ ኮንትራት ያዝን። ልጁ «አብሽሩ እማማ» ብሎ ወርዶ ደግፎ አስገባት፤ ለእሱ ሙሉውን 5 ሰጥቻለሁ። ግን ጉሊት ደርሶ ለመመለስም የባጃጅ ሒሳብ መያዝ አለባት ማለት ነው።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሐል የተጣበቀች ከተማ ናት፤ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳናም መሐሏን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። ጥበቱን ለተራራው ልተውለት። የቦዩን ክዳን ግን ተራራ አላነሣውም። ኮምቦልቻማ ሜዳ ላይ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከተማዋ ስትሰፋ እግረኛውን ማን አሰበው? ባየሁት ሰፈር የተነጠፈው ንጣፍ ለቧንቧ ተቆፍሮ አፈሩ እንደተቆለለ ነው።

የኮሪደር ልማቱ የነካው ቁራጭ ሰፊ ነው፣ መብራትም አለው። እናቴ እዚያ ላይ ክንዴን ለቃ ሄደች። ከዚያ ያልቅና እንደገና ጠጠሩ።

አቅመ ደካማ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ሆቴል ስትይዙ ከክፍሉ ፎቶ ይልቅ የበሩን ፊት ለፊት ፎቶ ጠይቁ።