ቆጠራ የሌለው ርክክብ፦ የካታሎግ ማዛወሪያ አገልግሎት ግምገማ

የስፌት ዕቃዎችን በኢንተርኔት እሸጣለሁ፤ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ መርፌ፣ ዳንቴል። ዕቃዎቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ዝርዝራቸው ግን አያልቅም። በመደብሬ ውስጥ 640 ምርቶች አሉ። እያንዳንዱ ቀለም፣ ውፍረትና ርዝመት ለየብቻ ሲቆጠር 9,118 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ለስድስት ዓመታት ውኮሜርስ በሚባል የኢንተርኔት መደብር ማቆሚያ ላይ ካኖርኩ በኋላ ሾፒፋይ ወደሚባል ሌላ ማቆሚያ ለማዛወር ወሰንኩ፤ ሥራውንም ካታሎግ፣ ማለትም የምርት ዝርዝር፣ በማዛወር ለሚታወቅ አንድ አገልግሎት ሰጠሁ። ግምገማዬ ስለዚያ አገልግሎት ነው። ስሙን ያልጠቀስኩት፣ ያጋጠመኝ ነገር የአንድ ድርጅት ጥፋት ብቻ ሳይሆን የዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ሁሉ ጠባይ ስለሚመስለኝ ነው።

ለምን እንደተዛወርኩ በአጭሩ ልናገር። ውኮሜርስ ዎርድፕረስ በሚባለው ድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚጫን ነው፤ ሰርቨሩን፣ ማለትም መደብሩ የሚኖርበትን ኮምፒውተር፣ የሚከራየው፣ ማሻሻያውን የሚጭነው፣ መጠባበቂያ ቅጂውን የሚይዘው ባለ መደብሩ ራሱ ነው። ነፃነቱን እወደው ነበር። ዕድሜዬ ሲገፋና ትዕዛዙ ሲበዛ ግን ሌሊት ተነስቼ ሰርቨር ማየቱ ሰለቸኝ። ሾፒፋይ ይህን ሸክም በራሱ ይይዛል። በምትኩ ቤቱ የራሱ ሕግ አለው፤ የገባ ሰው በሕጉ መኖር አለበት። ያ ሕግ ነው ኋላ ላይ ያስለቀሰኝ።

ወደ አገልግሎቱ ከመሄዴ በፊት ሥራውን በራሴ ሞክሬዋለሁ። ከአሮጌው መደብር ዝርዝሩን በሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም በነጠላ ሰረዝ በተለያየ ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ፣ አወጣሁ፣ በኤክሴል ከፈትኩ፣ የዓምዶቹን ስም አስተካክዬ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። የክሮቼ የቀለም መለያ ቁጥር በዜሮ ይጀምራል፤ 0042 የነበረው 42 ሆነ። ባለ 13 አኃዝ ባርኮዶች በሳይንሳዊ አጻጻፍ አጥረው ታዩ፤ ፋይሉ እንደዚያው ሲቀመጥ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ላይመለሱ ጠፉ። የመርፌዎቹ ቁጥር "3-5" የሚል ነበርና ኤክሴል ቀን መስሎት ወደ ማርች 5 ቀየረው። ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። የሰው ዘረመሎችን ስም የሚሰይመው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የወር ስም የሚመስሉ የዘረመል መጠሪያዎችን እስከ መለወጥ ደርሷል፤ አንዱ ምክንያት ሰንጠረዥ መሥሪያው እየደጋገመ ወደ ቀን ስለሚቀይራቸው ነበር። ሳይንቲስቶቹ ስም ከቀየሩ፣ እኔ ክር ሻጩ ከዚያ ፋይል መሸሼ አያስገርምም።

አገልግሎቱ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የሁለቱንም መደብሮች የመግቢያ ፈቃድ ይቀበልና ከአንዱ እያነበበ በቀጥታ በሌላው ላይ ይጽፋል። በመካከል ኤክሴል የለም፣ እጅም የለም። 0042 እንደ 0042 ደረሰ። ባርኮዶቹን አንድ በአንድ አመሳከርኳቸው፤ አንድም አኃዝ አልጎደለም። በምርት መግለጫዎቼ ውስጥ ያሉት የአክሰንት ምልክት ያለባቸው የውጭ ስሞችም ሳይበላሹ ገቡ፤ አንቀጾቹና ደመቅ ያሉት ቃላት እንደነበሩ ቆሙ። ለዚህ ብቻ እንኳን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሌላው የወደድኩት የሙከራ ዙሩ ነው። ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት 20 ምርቶችን አዛውሮ ያሳያል። በሙከራው ገጽ ላይ የግራው ዓምድ የአሮጌውን መደብር መስኮች፣ የቀኙ የአዲሱን ይዘረዝራል፤ የትኛው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ተጠቃሚው ራሱ ያገናኛል። ሃያዎቹ በሰላም ገቡ። እኔም በሰላም ተኛሁ። ስህተቴ እዚያ ላይ ነበር፤ የሙከራ ምርቶቹን አገልግሎቱ ከዝርዝሩ አናት ላይ ሲያነሳ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። በአናት ያሉት ቁልፎችና መቀሶች ናቸው፤ ቀላሎቹ። ችግር ያለባቸው ክሮቹ ነበሩ።

ዋናው ዝውውር ሰባት ሰዓት ያህል ፈጀ። ኮምፒውተሬን ዘግቼ ወጣሁ፤ ሥራው በእነርሱ ሰርቨር ላይ ስለሚካሄድ መጠበቅ አያስፈልግም። ስመለስ አረንጓዴ ገጽ ጠበቀኝ፦ "100 በመቶ ተጠናቋል።"

ከዚህ ሥራ በፊት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ ርክክብ የሚባለው አስረካቢና ተረካቢ ፊት ለፊት ቆመው ሲቆጥሩ ነው፤ ካልተቆጠረ ማንም አይፈርምም። ልማዱ አልለቀቀኝምና ገጹን ዘግቼ ቆጠራ ጀመርኩ። ከአሮጌው መደብር የወጡት 9,118። በአዲሱ መደብር የተገኙት 8,704። 414 የሉም።

የሁለቱን መደብሮች የመለያ ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ የጎደሉትን ለየኋቸው። ሁሉም ክሮች ነበሩ፣ ሁሉም ፖሊስተር። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ክር የምሸጠው በአራት መለያዎች ነው፦ በቀለም፣ በውፍረት፣ በርዝመትና በጥሬ ዕቃ። ሾፒፋይ በአንድ ምርት ሥር የሚቀበለው ሦስት መለያዎችን ነው። በአንድ ምርት ሥር የሚፈቀደው የአማራጮች፣ ማለትም ከመለያዎቹ ጥምረት የሚወጡት ዓይነቶች፣ ብዛት ለረጅም ዓመታት 100 ብቻ ነበር፤ በቅርቡ ወደ 2,048 ከፍ ብሏል። የሦስት መለያዎች ገደብ ግን ባለበት ነው። ይህ የቤቱ ሕግ ነው፣ በግልጽ ተጽፏል፤ ቅሬታዬ በእርሱ ላይ አይደለም። ቅሬታዬ አገልግሎቱ ሕጉን እያወቀ ባደረገው ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መለያዎች ወሰደ፣ አራተኛውን ጣለው። ጥሬ ዕቃው ሲጣል ቀዩ፣ ቀጭኑ፣ ባለ 100 ሜትሩ የጥጥ ክርና ቀዩ፣ ቀጭኑ፣ ባለ 100 ሜትሩ የፖሊስተር ክር አንድ ዓይነት ሆኑ። አንድ ዓይነት መለያ ያላቸው ሁለት አማራጮች በአንድ ምርት ሥር አይኖሩም። ስለዚህ ጥጡ ቀድሞ ገባ፣ ፖሊስተሩ ከበር ተመለሰ።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም ብል ሐሰት ይሆናል። ነበረ። ከ1,900 መስመር በላይ ባለው የሥራ መዝገብ ውስጥ፣ እንደ ሌላው ሁሉ በግራጫ ፊደል፣ "ታልፏል" የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። መዝገቡን ለማየት ሦስት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ሳልቆጥር መደብሩን ብከፍት ኖሮ ፖሊስተር የሚፈልግ ደንበኛ ያለ ምንም ፍንጭ ጥጥ ያዝዝ ነበር። በስፌት ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሚሳሳብ ጨርቅ ላይ የጥጥ ክር ስፌቱ ላይ ይበጠሳል። የሰው ልብስ ይቀደዳል፣ የእኔም ስም አብሮ።

ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መልስ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ነበር፤ "የኢንተርኔት ግንኙነትዎን ያረጋግጡ" ይላል። ሁለተኛውን የላከችልኝ ሠራተኛ ግን መዝገቤን ከፍታ አንብባዋለች። የተመለሱትን ክሮች ቁጥር በትክክል ጠቅሳ፣ "ይህን አስቀድመን ልንነግርዎ ይገባ ነበር፤ ክሮቹን በጥሬ ዕቃቸው ለይተው ሁለት ምርት ካደረጓቸው ዝውውሩን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እደግመዋለሁ" አለችኝ። እንዳለችው አደረገች። በአሮጌው መደብር ላይ የጥጡንና የፖሊስተሩን ክሮች ለያየሁ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ በሁለተኛው ዙር 9,118ቱም ገቡ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ያን አረንጓዴ ገጽ እንዲያ አድርጎ መተዉ ይቆጨኛል።

የምድቦቹ ጉዳይ ቀለል ያለ ነው። በአሮጌው መደብር ምድብ በምድብ ሥር ይደረደር ነበር፤ "ክር" ሥር "ቀጭን"፣ "ዳንቴል" ሥርም "ቀጭን"። በአዲሱ ምድቦቹ ስብስብ ይባላሉ፣ ሁሉም በአንድ ወለል ላይ ናቸው፤ እናት ምድብ የለም። አገልግሎቱ ሁለቱን "ቀጭን" የሚባሉ ምድቦች ለመለየት ለአንዱ ቁጥር ጨመረበት። ከዝውውሩ በፊት "ቀጭን ክር"፣ "ቀጭን ዳንቴል" ብሎ መሰየም አንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃው ሥራ ነው፤ እኔ ከዝውውሩ በኋላ ስላደረግሁት ሁለት ቀን ወሰደብኝ።

አድራሻዎቹ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባቸዋል። በውኮሜርስ የምርቱ አድራሻ በተለመደው አሠራር "ፕሮዳክት" በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሥር ይቀመጣል፤ በሾፒፋይ ደግሞ "ፕሮዳክትስ" በሚለው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ያቺ ፊደል ግን ለስድስት ዓመታት ሰዎች ያስቀመጧቸውን፣ በሌሎች ገጾች ላይ የለጠፏቸውን፣ ጉግልም የመዘገባቸውን አድራሻዎች በሙሉ "ገጹ አልተገኘም" ወደሚለው 404 ትወስዳቸዋለች። መድኃኒቱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚመራ ቋሚ ማዞሪያ ነው፤ ቁጥሩ 301። ጊዜያዊው 302 ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አገልግሎቱ ለምርቶቹ ማዞሪያ የመሥራት አማራጭ አለው፤ መረጥኩት፣ በትክክል ሠራ። ሁለት መቶ አድራሻዎችን በዘፈቀደ ሞክሬ ሁሉም ደረሱ። የምድብ ገጾቹን ግን አልነካቸውም። 47ቱን ምድቦች በእጄ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ከሁለት የተከፈሉት ክሮችም ውሳኔ ጠየቁ፤ አንድ አሮጌ አድራሻ ሁለት ቦታ መሄድ አይችልምና ብዙ ወደሚሸጠው ወደ ፖሊስተሩ መራሁት፤ በገጹ ላይም የጥጡን መገኛ አመለከትኩ።

ፎቶግራፎቹ በደህና ደረሱ፤ ያልደረሱት 11 ብቻ ናቸው። አዲሱ መደብር የእያንዳንዱን ሥዕል ቅጂ ከአሮጌው አድራሻ እየወሰደ በራሱ ዘንድ ያስቀምጣል። ስለዚህ ዝውውሩ ተጠናቀቀ ተብሎ አሮጌውን ሰርቨር ወዲያው መዝጋት አደጋ አለው፤ ያልተወሰደ ሥዕል ካለ ከሰርቨሩ ጋር ይሄዳል። አስራ አንዱን ከራሴ ማኅደር አውጥቼ ጫንኩ።

አንድ የማልወደው ነገር ይቀራል። አገልግሎቱ ከመጀመሪያው ዝውውር በኋላ በአሮጌው መደብር የተጨመረውን ብቻ ለቅሞ የሚያመጣ ተጨማሪ ዙር አለው። አዳዲስ ምርቶችን ያመጣል፤ ቀድሞ የተዛወሩት ምርቶች በክምችት ስንት እንደቀሩ ግን አያድስም። በሁለቱ ዙሮች መካከል በአሮጌው መደብር የሸጥኳቸው ዚፖች በአዲሱ እንዳልተሸጡ ሆነው ቀርተው ነበር። ሦስት ደንበኞች የሌለ ዕቃ አዘዙ። ይቅርታ ጠይቄ ገንዘባቸውን መለስኩ። ዛሬ ቢሆን በመጨረሻው ሌሊት ሽያጩን አቁሜ፣ ክምችቱን እንደገና ቆጥሬ፣ ከዚያ ብቻ በሩን እከፍት ነበር።

ለማን ይሆናል? መቶ የማይሞላ ምርት ያለው፣ አማራጮቹም ጥቂት የሆኑ ሰው በሲኤስቪ ፋይል ራሱ ቢያዛውር ይሻለዋል፤ ፋይሉን ሲከፍት ዓምዶቹን ሁሉ እንደ ጽሑፍ እንዲነበቡ ካዘዘና ሲያስቀምጥ የሁሉንም ቋንቋ ፊደላት የሚይዘውን ዩቲኤፍ 8 የተባለ የፊደል አቀማመጥ ከመረጠ እኔ የደረሰብኝ አይደርስበትም። እንደ እኔ በሺዎች የሚቆጠር ዝርዝር ያለው ሰው አገልግሎቱን ይጠቀም፤ እኔም ደግሜ እጠቀመዋለሁ። ለሙከራው ዙር ግን ከመደብሩ ውስጥ በጣም የተወሳሰቡትን ሃያ ምርቶች ራሱ ይምረጥ፤ ከሦስት መለያ በላይ ያለውን ምርት አስቀድሞ ይክፈል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ሠራተኛዋ ባትኖር ሁለት ይሆን ነበር።

ማዞሪያዎቹን ጉግል ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆዩ ይመክራል፤ እኔ አላነሳቸውም። ለአገልግሎቱ ደግሞ አንድ ሐሳብ ጽፌ ልኬያለሁ፦ በዚያ አረንጓዴ ገጽ ላይ፣ ከመቶኛው በላይ፣ በትልቁ ሁለት ቁጥሮች ይጻፉ፤ ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ። ሠራተኛዋ ሐሳቡን ለሚመለከታቸው ባልደረቦቿ ማስተላለፏን ነግራኛለች። ትናንት ገብቼ አየሁት፤ ገጹ እንዳለ ነው።